ቅዳሜን ሐይቅ ላይ፦ ጀልባው በጠዋት፣ ማዕዱ በየብስ

ጥያቄ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ውጭ አገር የሚኖሩ ሁለት እህቶቼ በነሐሴ ሁለተኛው ሳምንት ይመጣሉ። እነሱ ባሉበት ከተማ በበጋ ምሽት ወንዝ ላይ በመርከብ እየተንሸራሸሩ እራት መብላት የተለመደ ነው፤ «ለእማዬም እንዲህ እናድርግላት» ብለው ቅዳሜና እሑዱን ለሽርሽር ይዘውታል። ቅዳሜ ማታ ሐይቅ ከተማ ሄደን፣ እዚያው ሐይቁ ላይ ጀልባ ተከራይተን፣ እራት በልተን፣ ቡናውንም እዚያው አፍልተን ልንመለስ ነው። እሑድ ደግሞ አርዲቦ ሐይቅ።

ስምንት ነን። እናቴ 70 ዓመቷ ነው፤ ፍልሰታን ትጾማለች፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምንም ገብታ መሳለም ትፈልጋለች። የአባቴ እህት ሙስሊም ናት፣ ከልጇ ጋር ትመጣለች። ምግቡን ምን ላድርገው? ማታውስ ይሆናል? ማንም ቅር ሳይለው ቢያልፍልኝ ደስ ይለኛል።

የኮምቦልቻዋ እህት

መልስ

አብሽሪ እህቴ፣ ሐሳባችሁ ደግ ነው። ሰዓቱን ግን ገልብጡት። እህቶችሽ የለመዱት በጋ ነው፤ የኛ ነሐሴ ክረምት ነው። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ከቀትር በኋላ ነው፤ የሐይቁ ነፋስም ቀኑ በገፋ ቁጥር ይበረታል። ሲመሽ የወባ ትንኝ አለ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መመለሻችሁ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት በጉምና በጨለማ መውረድ እናት ይዞ የሚሞከር አይደለም። ወንዝ እንዳይታሰብ፤ ቦርከና ጀልባ የሚያስኬድ ጥልቀት የለውም፣ በክረምት ደግሞ ደራሹ አይታመንም።

ስለዚህ ከኮምቦልቻ 12፡30 ላይ ተነሡ። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ገደማ። በዚህ ወቅት ለሁሉም ሁለት ሰዓት ያዙለት። 3 ሰዓት ላይ ጀልባ፣ 4 ሰዓት ላይ ከውሃ መውጣት። በመካከል ነጎድጓድ ከተሰማ ዝናቡ ባይጀምርም ወደ ዳር ተመለሱ።

ለስምንት ሰው አንድ ትንሽ ጀልባ አትያዙ፤ ሁለት ጊዜ ተከፋፍላችሁ ግቡ። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ከጀልባው ጠርዝ እስከ ውሃው ያለውን በስንዝር ለኪው። ከስንዝር ተኩል ካነሰ ጭነቱ በዝቷልና አንድ ሰው ይውረድ። ሞተሩ ቢጠፋ የሚያወጣችሁ መቅዘፊያ መኖሩን ሳትነሡ እዩ። ሰው አንድ በአንድ፣ የጀልባውን መሐል እየረገጠ ይግባ፤ ጀልባ የሚገለበጠው አንዱ ሲቆም ሌላው ለፎቶ ወደዚያው ጠርዝ ሲያጋድል ነው። ላይፍ ጃኬቱን ካሰራችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ይቀየር። እናትሽ ጋቢ ከለበሱ ጃኬቱ ከጋቢው ሥር ሆኖ ጋቢው እግር ላይ ይደረብ፤ በአካል የተጠመጠመ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ከብዶ ወደ ታች ይጎትታል። ቡናውን በተመለከተ፣ ቤንዚን ያለበት ጀልባ ላይ ከሰል አይያያዝም። በፔርሙዝ ትንሽ ያዙ፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ዳር ላይ ተረጋግታችሁ ስትቀመጡ ይደርሳል።

ገዳሙን ለእናትሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ በሩ ላይ ደርሰው እንዳይሰሙት። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ይህ ገዳም ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ ይግቡ። ገዳሙ ያለበት መሬት ዛሬ ከየብሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በእግርም ይደረሳል። እናትሽ ከውጭ ሆነው ይሳለማሉ፤ ጠበሉን የሚገባ ሰው ያምጣላቸው።

ማዕዱ 6 ሰዓት አካባቢ ይሁን፤ ቅዳሜ የሰዓት ጾም ስለሌለ ለእናትሽም ይመቻል። ሥጋ ተዪው፤ በናንተ ቤት «ማን ባረከው?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም፣ አክስትሽም አንቺም ከአንድ ሳሕን ትበላላችሁ። እናትሽ ግን በጾም ዓሣም አይበሉም፤ «ሐይቅ ደርሰው ሳይቀምሱ!» እያላችሁ አትወትውቷቸው። ለሳቸው ሽሮና ጎመን ከቤት ይሠራ፤ ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት እንዳይነካው።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ለአንድ ሰው አንድ መካከለኛ ይበቃል፤ ለሰባታችሁ ስምንት ግዙ፣ አንዱ ለጀልባው ልጅ። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። ቅርፊቱ ይውለቅ፣ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ጊዜ እስከ አጥንቱ ይተልተል፣ ጨውና ሎሚ ገብቶለት ሩብ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይደረቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እርጥብ ዓሣ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ቆዳው ድስቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሲገለበጥም ይፈርሳል። ዱቄት በስሱ ነስንሰሽ በጋለ ዘይት ሁለት ሁለቱን ጥበሺ፤ አራት አንድ ላይ አትጨምሪ። አንዱ ጎን ወርቃማ ሳይሆን አትንኪው። አዋዜው ለብቻው ይቅረብ።

ልጆች ካሉ ቄጠማው ሥር ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ እንዳይንቦጫረቁ፤ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። 8 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ግቡ።

እሑድ አርዲቦን ተዉት። ከዋናው አስፋልት የሚለያችሁ መንገድ በነሐሴ ጭቃ ነው፤ ዝቅ ያለ መኪና ከያዛችሁ ቀኑ በመግፋት ያልቃል። ደሴ ውጡና፣ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ እዩ፤ ዝናብ ቢመጣም ጣሪያ ሥር ናችሁ። ጠዋት የጦሳ ተራራ አናት ከጉም ጠርቶ ካያችሁት ግን አዳራሹ ይቆይ፤ ጫማ አጥብቃችሁ ወደ ተራራው ትንሽ ውጡ፣ ከ5 ሰዓት በፊትም ውረዱ።