ፒሲቲ ላይ የሰው እርዳታ ምን ያህል ያስተማምናል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በመጪው ሚያዝያ ከሜክሲኮ ድንበር ተነስተህ የደቡብ ካሊፎርኒያን በረሃና የሴራ ኔቫዳን ተራሮች በእግርህ ልታቋርጥ አስበሃል። "መንገድ ላይ የማያውቁህ ሰዎች ውሃ፣ ምግብ፣ ማደሪያና ሊፍት ይሰጣሉ ይባላል፣ እውነት ነው ወይ? በነሱ ተማምኜ ሻንጣዬን ላቅልል? ጥቁር መሆኔስ ችግር ያመጣል?" ነው ያልከው። ሰዎቹ አሉ፣ ከምትገምተው በላይም ደጎች ናቸው። በነሱ ተማምነህ ሻንጣ ማቅለሉን ግን ተወው፣ በተለይ ውሃ። እኔ ከካምፖ (ድንበሩ አጠገብ ያለችው የመነሻ መንደር) እስከ ማመዝ (ሴራ ውስጥ ያለች ከተማ) ያለውን ሄጄበታለሁ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተጓዦችን በመኪናዬ አመላልሳለሁ። ስለዚህ ከተቀባዩም ከሰጪውም ወገን ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ።

ለማያውቁት አባላት ባጭሩ፦ ፒሲቲ (ፓሲፊክ ክሬስት ትሬይል) ከሜክሲኮ ድንበር ተነስቶ ካሊፎርኒያን፣ ኦሪገንንና ዋሽንግተንን አቋርጦ ካናዳ የሚደርስ የእግር መንገድ ነው። ርዝመቱ 2,650 ማይል፣ ማለትም 4,265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው 700 ማይል በረሃ ይባላል፣ ግን ሜዳና አሸዋ ብቻ እንዳይመስልህ። ጠዋት በቁልቋል መሃል ሄደህ ማታ ጥድ ሥር በረዶ አጠገብ ልታድር ትችላለህ። ኬኔዲ ሜዶውስ ከምትባለው ትንሽ መንደር በኋላ ሴራ ይጀምራል።

ከውሃ ልጀምር፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ከካምፖ እስከ ሌክ ሞሬና 20 ማይል ነው። መሃል ላይ ያለው ሃውዘር ክሪክ የሚባል ጅረት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። እግርህ ገና አልጠነከረም፣ ሻንጣህ ከባድ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። 5 ወይም 6 ሊትር ይዘህ ተነስ። ማንም "ይበዛል" ቢልህ አትስማው።

77ኛው ማይል ላይ ሲዘርስ ክሮሲንግ የሚባል የመኪና መንገድ መገናኛ አለ። ከዚያ በኋላ ዛፍ የሌላቸውን የሳን ፌሊፔ ኮረብታዎች ትወጣለህ፣ የሚቀጥለው ምንጭ ባሬል ስፕሪንግ ደግሞ 24 ማይል ያህል ይርቃል። በጎ ፈቃደኞች መሃል ላይ፣ ሰርድ ጌት በሚባለው ቦታ፣ በጋሎን ውሃ ያስቀምጣሉ። እኔ ስደርስ ጋሎኖቹ ነፋስ እንዳይወስዳቸው እጀታቸው በገመድ ተያይዞ ታስረው ነበር፣ ሁሉም ባዶ። ሁለት ልጆች ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጠዋል። አንደኛው ጋሎኖቹን አንድ በአንድ እየዘቀዘቀ ጠብታ ይፈልጋል። "እዚህ ውሃ አለ" ብለዋቸው ሁለት ሁለት ሊትር ብቻ ይዘው ነው የመጡት። እኔ ከታች ሞልቼ ስለወጣሁ ቀዳሁላቸው፣ ፀሐይ እስኪበርድ ጠበቅንና ሦስታችንም አብረን ቀጠልን።

ያንን ውሃ የሚያመጡት እንደኔና እንዳንተ ያሉ ሰዎች ናቸው። በራሳቸው ገንዘብ ይገዙታል፣ በራሳቸው መኪና ይጭኑታል፣ ከመኪናው አውርደው ደግሞ በጉልበታቸው ይሸከሙታል። በአንድ ሳምንት ብዙ ተጓዥ ካለፈ ያልቃል። መኪናቸው ከተበላሸም አይመጡም። ስለዚህ ስሌትህን እንደሌለ አድርገህ አስላ። ሞልቶ ካገኘኸው የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ፣ የሚያስፈልግህን ብቻ ውሰድ፣ እግር መታጠብ የለም። የመንገዱ ማኅበርም በሰው በተቀመጠ ውሃ እንዳትተማመን ነው የሚመክረው። በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት የውሃ ሪፖርት አለ፣ ፋርአውት የሚባለው የስልክ መተግበሪያም ላይ ተጓዦች ይጽፋሉ። ስታነብ ቀኑን እይ። የሦስት ሳምንት መረጃ በረሃ ውስጥ ምንም አይሠራልህም።

ሂከርታውን ከሚባለው የተጓዦች ማረፊያ በኋላ ደግሞ በሎስ አንጀለስ የውሃ ቦይ ላይ ትሄዳለህ። በ1913 (እ.አ.አ.) ከኦወንስ ሸለቆ ለከተማው የተዘረጋ ነው። ውሃው ከእግርህ በታች ያልፋል፣ ግን በቱቦና በሲሚንቶ የተከደነ ስለሆነ አትነካውም። ብዙ ሰው ይህንን ክፍል ሌሊት ነው የሚሄደው፣ አንተም እንደዚያ አድርግ። ከተሃቻፒ ከተማ በኋላ እስከ ዎከር ፓስ (ፓስ ማለት የተራራ ማቋረጫ ነው) ያለውም ደረቅ ነው። ኬልሶ ቫሊ መንገድና በርድ ስፕሪንግ ፓስ ላይ ውሃ ይቀመጣል፣ እሱንም ቅድም ባልኩህ ስሌት አስብ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። በመንገዱ ቋንቋ ትሬይል ኤንጅል፣ የመንገድ መላእክት እንደማለት፣ ይሏቸዋል። አብዛኞቹ ጡረተኞች፣ ራሳቸው የተጓዙ ወይም ልጃቸው የተጓዘላቸው ናቸው። ዋርነር ስፕሪንግስ ውስጥ በወቅቱ የማኅበረሰቡን አዳራሽ ለተጓዥ ይከፍታሉ። ሌላ ቦታ አንድ ሰው ብቻውን መንገድ ዳር ቆሞ ታገኘዋለህ። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፣ ፒክአፕ መኪናቸውን አስፋልት ዳር አቁመው፣ የኋላ መዝጊያውን እንደ ጠረጴዛ ዘርግተው ሐብሐብ ይቆርጣሉ። "ከየት ነሽ?" ከማለታቸው በፊት "እግርሽ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጫማዬን አስወልቀው፣ የውሃ መያዣዎቼን ሞሉልኝ፣ ለብቻው በፕላስቲክ ያሰሩትን በረዶ አንገቴ ላይ አደረጉልኝ። ገንዘብ ልሰጥ ስል እጄን መለሱት። ስማቸውን እንኳ ሳልይዝ ነው የተለያየነው።

እዚህ ላይ ለሐበሻ የተለየ ምክር አለኝ። ይሉኝታችን ያስቸግራል። እኛ ሲያቀርቡልን መጀመሪያ "አይ፣ ጠግቤያለሁ" ነው የምንለው፣ ሁለት ሦስቴ እስኪለምኑን እንጠብቃለን። እዚህ አገር አንዴ እምቢ ካልክ በቃ፣ እውነትህን ነው ብለው ለሚቀጥለው ይሰጡታል። ከፈለግክ ወዲያው "አዎ፣ አመሰግናለሁ" በል። ከተቀበልክ በኋላ ግን ቤትህ ያሳደገህን ጨዋነት ሁሉ አውጣው። ዕቃ እጠብ፣ ቆሻሻህን ይዘህ ሂድ፣ ሰው ቤት ካደርክ ከአንድ ሌሊት በላይ አትክረም። የመዋጮ ዕቃ ካለ ሳይነግሩህ ጨምር፣ ሩቅ የወሰደህን ሰው ደግሞ የቤንዚን አቅርብለት። ባይቀበልህም መጠየቁ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የቆዩ ጽሑፎች ላይ የምታነባቸው ዝነኛ የማደሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ሳን ዲዬጎ ውስጥም፣ አጉዋ ዱልሴም ለብዙ ዓመታት ቤታቸውን ለተጓዥ ከፍተው የኖሩ ቤተሰቦች ደክሟቸው አቁመዋል። በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው ጓሮ ውስጥ ማሳደር ቀላል አይደለም። በሰው ቤት ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አታውጣ። ካምፖ ለመድረስም ቢሆን ከኤል ካሆን አውቶቡስ አለ።

ስለ ቀለማችን ለጠየቅከው፣ አልዋሽህም፣ መንገዱ ላይ ጥቁር ሰው ጥቂት ነው፣ ትንንሽ ከተሞች ስትገባ ዞር ብለው ያዩሃል። መኪና ለምኜ ብዙ ያለፉኝ ቀን ነበር። ጥላቻ ያሳየኝ ሰው ግን አልገጠመኝም። የሠራልኝን ልንገርህ። ከሌላ ተጓዥ ጋር ሁን። የፀሐይ መነጽርህን አውልቅ፣ ሻንጣህን ፊት ለፊት አስቀምጥ፣ መኪና ቆም ለማለት የሚመቸው ቦታ ላይ ቁም። ፍሪዌይ ላይ መቆም ክልክል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሰላም ብለህ ማነጋገር ነው። ሴራ ውስጥ ካለው ከኦኒየን ቫሊ የመኪና ማቆሚያ ወደ ኢንዲፔንደንስ ከተማ የወረድኩት እንደዚያ ነው። ከተራራ ሲመለሱ ያገኘኋቸውን ባልና ሚስት ስለ በረዶው ጠየቅኳቸው፣ ጨዋታው ሳያልቅ ሻንጣዬን ጫኑልኝ። መጠጥ የሸተተህ ወይም ልብህ ያልወደደው ሹፌር ከሆነ "ሰው እየጠበቅኩ ነው" ብለህ ቅር። ታርጋውን ፎቶ አንስተህ ለቤተሰብ ላክ። ከሴራ በስተምሥራቅ ባለው 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ከተማ ለከተማ የሚሄድ የኢስተርን ሴራ አውቶቡስ አለ፣ ቀኑን አረጋግጥ እንጂ የግድ አትለምንም።

ሴራ ግን ሌላ ነው። ከኬኔዲ ሜዶውስ እስከ ማመዝ አካባቢ 200 ማይል ያህል መንገዱ አንድም አስፋልት አያቋርጥም። ሐብሐብ ይዞ የሚጠብቅህ የለም፣ ከጎንህ የሚሄደው ተጓዥ ብቻ ነው ያለህ። ፎሬስተር ፓስ 4,009 ሜትር ነው፣ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ። ሰሜን ተራሮችን የለመደ ሰው ከፍታው ላያስደነግጠው ይችላል፣ በረዶው ግን ለኛ አዲስ ነው። ጠዋት ሲጠነክር ተሻገር፣ ከሰዓት በኋላ ሲላላ እስከ ጭንህ ትሰምጣለህ። ወንዝም እንደዚሁ፣ ቀን በረዶው ሲቀልጥ ስለሚሞላ በማለዳ እለፍ፣ ሻንጣህ የወገብ ቀበቶው ተፈትቶ ይሁን። በረዶ ደግሞ ሴራ ብቻ አይደለም ያለው። በረሃው ክፍል ውስጥ፣ ሳን ሃሲንቶ ተራሮች ላይ አፓቺ ፒክ አካባቢ፣ በ2020 (እ.አ.አ.) አንድ ወጣት ተጓዥ ተንሸራቶ ሞቷል። ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ሹልና የበረዶ መጥረቢያ ካስፈለገ ያለሱ አትሂድ። ካልቻልክ ተመልሰህ ጠብቅ። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያም ያዝ፣ ስልክ እዚያ አይሠራም። ለምግብ ቤር ካኒስተር (ድብ የማይከፍተው ጠንካራ የምግብ መያዣ) ግዴታ የሆነበት ቦታ አለ፣ ኬኔዲ ሜዶውስ ሳትደርስ አዘጋጅ። የውሃ ማጣሪያህ ከቀዘቀዘ ከጥቅም ውጭ ስለሚሆን ሌሊት የመኝታ ከረጢትህ ውስጥ አስገባው።

ፈቃዱን ቶሎ አስብበት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሜክሲኮ ድንበር በቀን 50 ሰው ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ ምዝገባው ደግሞ ከወራት በፊት ነው።

ምግብ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። በሶ ያዝ። በቀዝቃዛ ውሃ በጠርሙስ ውስጥ በጥብጠህ እየሄድክ ትጠጣዋለህ፣ ምድጃ አያስፈልገውም። ቆሎም ዳቦ ቆሎም አይበላሽም። ዳቦ ቆሎ ተርፎህ ለትሬይል ኤንጅሎቹ ብታካፍላቸው እንዴት እንደሚደሰቱ ታያለህ። ጾመኛ ከሆንክ ደግሞ ዐቢይ ጾም መንገድ ላይ ሊያገኝህ ይችላል። የሚቀርብልህ ሆትዶግና ሃምበርገር ስለሚሆን ገና ሰላም ስትላቸው "ቪጋን ነኝ" በላቸው። ወዲያው ይገባቸዋል፣ ሙዝም ቺፕስም ፈልገው ይሰጡሃል።

ፈቃድህ ሲወጣ የመነሻ ቀንህን እዚሁ ጻፍልኝ። መንገዱ አጉዋ ዱልሴ ከተማ መሃል ነው የሚያልፈው፣ ከኔ ቤት ሩቅ አይደለም። ሽሮና እንጀራ ይዤ እመጣለሁ። አብረውህ የሚሄዱ ካሉም ስንት እንደሆናችሁ ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ እንጀራው እንዲበቃ።