«ዝቅተኛ» ሳተላይት፣ «ተራ» ስልክ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። ለማኅበራችን አባላት አንድ ማስታወቂያ ስተረጉም «በዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያሉ ሳተላይቶች ለተራ ስልኮች የቀጥታ ኢንተርኔት ይሰጣሉ» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አነበበችና «ርካሹ መሆኑ ነው? እንግዲያ ለኔ ስልክ ነው የሚሆነው» አለችኝ። የሷ ስልክ በቁልፍ የምትሠራ ትንሽ ስልክ ናት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እርስዎም አልተሳሳቱም፣ እናትዎም አልተሳሳቱም። መዝገበ ቃላት ቢገልጡ ሦስቱም ቃላት፣ «ዝቅተኛ»፣ «ተራ» እና «የቀጥታ»፣ ልክ ናቸው። ነገር ግን አንዳቸውም ባዶ እጃቸውን አልመጡም።

«ዝቅተኛ»ን እንውሰድ። ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ዝቅተኛ ውጤት፣ ዝቅተኛ ኑሮ እንላለን። ቃሉ ማነስን መናገር ከለመደ ቆይቷል። የእነዚህ ሳተላይቶች ጉልበት ግን ያለው ዝቅ ማለታቸው ላይ ነው። የዲሽ ቴሌቪዥን የሚያሰራጩት 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ተቀምጠዋል። የሳተላይት ኢንተርኔት አቅራቢው ስታርሊንክ ለሞባይል ብሎ ያመጠቃቸው 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይዞራሉ። የስልክዎ አንቴና አቅሙ ትንሽ ስለሆነ የሚሰማው ቅርብ ያለ ሳተላይት ነው፤ ያም ቢሆን ትልቅ ጆሮ ካለው። ኤኤስቲ ስፔስሞባይል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙከራ ያመጠቃት ሳተላይት የዘረጋችው አንቴና 64 ካሬ ሜትር ነበር። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በሉት!

ታዲያ ምን እንበል? ግሱን መልሱለት። «ዝቅ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች»። ወፏ ዝቅ ብላ በረረች ስንል ወፏን የናቃት የለም። «ቅርብ ምህዋር» ቢሉም ደስ ይለኛል። በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ዝቅተኛ ምህዋር» ሥር ሰዷል፤ እዚያ አልነካውም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የዚሁ ምህዋር ልጅ ናት።

ምህዋርን ካነሳን አይቀር፦ ቃሉ ከግዕዙ «ሖረ» ማለትም «ሄደ» የወጣ ነው። ሐዋርያም ከዚያው ነው። ስለዚህ አጥብቆ ለሚጽፍ በሐመሩ «ሐ» ምሕዋር ነው የሚባለው። ጋዜጦች በ«ህ» ይጽፉታል፤ በዚህ አልጣላም።

«ተራ» የባሰ ነው። በጽሑፉ የታሰበው «ልዩ ዕቃ ያልተገጠመለት፣ ሁላችንም የያዝነው ስልክ» ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ተራ ስልክ ሲባል ስማርት ያልሆነው፣ እናትዎ የያዟት ዓይነት ነው። ሳተላይቱ ደግሞ ለስልኩ እንደ 4ጂ ማማ ሆኖ ነው የሚታየው፤ 4ጂ የማታውቅ ስልክ አታየውም። እናትዎን ያደናገረቻቸው ይህች ቃል ናት። «በእጃችን ያለው ስማርት ስልክ» ብትሉ ያልቃል።

«የቀጥታ» ሲባል ደግሞ ጆሯችን ኳስ ይጠብቃል፤ የቀጥታ ስርጭት። እዚህ የተፈለገው መሐል ላይ ማማም ዲሽም አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ወይ «በቀጥታ» ብለው ከግሱ ጋር ያስጠጉት፣ ወይ ነገሩን ይዘርዝሩት።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ኢንተርኔት ይሰጣሉ» የሚለው ትንሽ ይቸኩላል። እዚያው አሜሪካ የስልክ ኩባንያው ቲ-ሞባይል ከስታርሊንክ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አገልግሎቱን ሲከፍት ዋናው ነገር የጽሑፍ መልእክት ነበር። ቪዲዮ የጠበቀ አባል ነገ እርስዎን ነው የሚወቅሰው። «ኔትወርክ» የሚለው የሁላችን ቃል ይበቃል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ዝቅ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች፣ ማማ በሌለበት ቦታ፣ ያለ ዲሽ በእጃችን ላለው ስማርት ስልክ በቀጥታ ኔትወርክ ይሰጣሉ።» ትንሽ ረዘመ፣ አውቃለሁ። ለእናትዎ ያንብቡላቸውና የሚሉትን ይጻፉልኝ።