መልስ፦ ሄድ ነርሷና ነርሶቹ አንድ ቡድን ውስጥ ይግቡ?
ሰላም እህቴ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ስለ አዳር ተረኛ ነርሶች ድካም የቡድን ውይይት ልታካሂጂ ነው፤ ሄድ ነርሷን (የነርሶቹን ኃላፊ) ከነርሶቹ ጋር ላቀላቅል ወይ ብለሻል። በፍጹም እንዳታቀላቅይ! አለቃው ፊት ማን ደፍሮ "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመድኃኒት መጠን ልሳሳት ነበር" ይላል? ሁሉም "ደህና ነው" ብሎ ይበተናል። ኃላፊዎቹን ለብቻ አነጋግሪ።

በቡድን ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ከአዳር የወጣ ሰው ግን እባክሽ ጠዋቱን አትያዥበት፤ ይተኛ። ለድምፅ ቀረጻው ፈቃድ ጠይቂ፤ ማስታወሻ የሚይዝልሽ ሰውም ይኑር። ማን ዝም ብሎ አንገቱን እንደደፋ ቀረጻው አይነግርሽም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ተሳታፊዎቹ የሰሙትን ውጭ ላለማውራታቸው አንቺ ዋስ መሆን አትችይም። ይህን ሳይጀመር በግልጽ ንገሪያቸው። ስለ ራሱ ስህተት በዝርዝር ማውራት የሚፈልግ ካለ ለብቻው ቃለ መጠይቅ አድርጊለት።