ጥላውን ከመቅዳታችሁ በፊት

የድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞችን የምትወዱና የራሳችሁን ለመሥራት የምትመኙ ልጆቼ፣ ቢሊ ዋይልደር በ1944 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ደብል ኢንደምኒቲ» ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንዴ ድምፁን ከፍታችሁ፣ አንዴ ዘግታችሁ።

አብዛኛው ወጣት ከዚህ ፊልም ቀድሞ የሚወስደው ጥላውን ነው። እኔ ከታሪኩ አወቃቀር ጀምሩ እላለሁ። የኢንሹራንስ ሻጩ ዋልተር ኔፍ በሌሊት ቆስሎ ቢሮው ይገባና መግደሉን፣ ገንዘቡንም ሴቲቱንም አለማግኘቱን ለድምፅ መቅጃው ይናገራል። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነው። «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ ተዘጋ፤ የቀረው «እንዴት ተያዘ?» ነው። ከዚህ በኋላ ደራሲው በምስጢር መደገፍ ስለማይችል እያንዳንዱ ትዕይንት ፍርሃቱን በራሱ አቅም መሸከም አለበት።

እንዴት እንደተሸከመ ተመልከቱ። ኔፍ ለግድያው የተባበራት ሴት ፊሊስ ናት፤ ባሏ መኪና ውስጥ ሲገደል ካሜራው የሚያሳየን መሪ የያዘችውን የእሷን ፊት ብቻ ነው። በባቡር አደጋ ለሞተ ሰው ኢንሹራንሱ እጥፍ ስለሚከፍል ሬሳውን ሐዲድ ላይ ያስተኙታል። ከዚያ መኪናው አልነሳ ይላል። ቁልፉን ደጋግማ ታዞራለች፤ ሞተሩ እምቢ ይላል። በዚህች ቅጽበት ልባችሁን አዳምጡት፤ «በተነሳላቸው!» እያለ ነው። ያለ ተኩስና ያለ ማሳደድ፣ በአንድ ቁልፍና በሁለት ፊት ብቻ ከገዳዮቹ ጋር አሰለፈን። የዚህ ዓይነት ፊልም ጉልበቱ ይህ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ያልደበዘዘውም ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ፊሊስ፣ ኪስ ከሚባለው የኢንሹራንስ ኩባንያው መርማሪ የምትደበቀው ወደ ኮሪደሩ በሚከፈት የኔፍ አፓርታማ በር ጀርባ ነው። የአፓርታማ በር እንደዚያ ወደ ውጭ አይከፈትም፤ ግን ጭንቀቱ ስለያዘን አናስተውለውም።

አሁን ወደ መብራቱ። የካሜራው ባለሙያ ጆን ሳይትዝ የብርሃኑ ጨረር እንዲታይ የአሉሚኒየም ብናኝ አየር ላይ በትኖ ነበር። እናንተ ይህን አታድርጉ፤ ሳንባ ይጎዳል። ውሃ ነክ ፈሳሽ የሚጠቀም የጭጋግ ማሽን ይበቃል። ጥቂት ልቀቁና ክፍሉ ውስጥ እኩል እስኪሰራጭ ጠብቁ፤ ከበዛ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይለወጣል። የመስኮት ብላይንድ ጥላ የሚደበዝዝባችሁ መብራቱ ሰፊ ስለሆነ ወይም ለብላይንዱ ስለቀረበ ነው። ብርሃን የሚያለሰልሰውን ጨርቅ ከመብራቱ አንሱ፣ መብራቱን ከብላይንዱ 2 ወይም 3 ሜትር አርቁ፣ ተዋናዩን ግን ወደ ብላይንዱ አስጠጉ። ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ስለሚያነጣው ከካሜራ ዕይታ ውጭ ባለው በኩል ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ የብርሃን መጠኑን ብርሃን ባረፈበት ፊት ላይ ቆልፉት፤ አለዚያ ስልኩ በራሱ ጨለማውን ሊያደምቅ ሲሞክር ምስሉ ይሻክራል።

የአርትዖቱ ሥራ ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። ዋይልደር ኔፍ በጋዝ ክፍል ሲቀጣ የሚያሳይ ትዕይንት ቀርጾ ነበር፤ ፊልሙ በኔፍና በኪስ መካከል ማለቁን አይቶ ጣለው። እናንተም ብዙ የደከማችሁበትን ትዕይንት አውጥታችሁ ፊልሙን ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩ። «ምን ጎደለ?» ብላችሁ ስትጠይቁት የሚጠቅሰው ነገር ከሌለ እንደወጣ ይቅር።