ናሱ ለጥይት፣ ፕላስቲኩ ለኮፍያ፦ ጥያቄና መልስ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የእንግሊዝ ጦር በቁጠባ ስላሠራቸው የኮፍያ አርማዎች የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እነሆ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ጋሼ፣ ከአንዲት ትንሽ አርማ ምን ይቆጠባል?

ከአንዷማ ምንም። ሠራዊቱ በሚሊዮን ሲቆጠር ግን ነገሩ ይለወጣል። አርማው የሚሠራው በአብዛኛው ከናስ፣ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ቅልቅል ነው፤ የጥይት ቀለህም እንደዚያው። ቀለሁ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። በአርማዎቹ ላይ የምታየው ነጩ ብረት ደግሞ ብር አይደለም፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው። ኒኬል ለመርከብ ጋሻ ይፈለጋል። በአንደኛው ጦርነት የእንግሊዝ ጥይት አረርም የሚለበጠው በመዳብና ኒኬል ነበር። ኮፍያውና ጠመንጃው አንድ ዕቃ ይሻሙ ነበር ማለት ነው።

በ1916 ምን ተለወጠ?

ሮያል ዋርዊክሻየር ሬጅመንት የተባለውን የእግረኛ ጦር ክፍል አርማ ውሰድ። አንገቷ ላይ ሰንሰለት ያለባት አጋዘን መሰል እንስሳ አለች፣ ከሥሯ የሬጅመንቱ ስም የተጻፈበት ጥቅልል። በደህናው ጊዜ እንስሳዋ ከነጩ ብረት፣ ጥቅልሉ ከናስ ነበር። እያንዳንዱ በየራሱ ቅርጽ ማውጫ ይመታል፣ ጠርዙ ይከረከማል፣ ከዚያ ሁለቱ ይበየዳሉ፣ በመጨረሻ ከኋላ መያዣው ይበየዳል። በ1916 ሁሉም ነገር በአንድ ምት ከአንድ የናስ ቁራጭ እንዲወጣ ተደረገ። በአንዳንዶቹ አርማዎች ላይ በፊት ተቆርጦ ይወጣ የነበረው ክፍት ቦታም ሳይበሳ ቀረ። ኒኬሉም ዳነ፣ የሠራተኛውም ጊዜ ተረፈ። ለኔ ትልቁ ቁጠባ ጊዜው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ብረቱ ነው።

እኔ ጋ ሙሉ ናስ የሆነ የመድፈኛ አርማ አለ። የ1916 ቁጠባ ነው ብዬ ልሽጠው?

ኧረ ተው! የሮያል አርቲለሪ አርማ በሰላሙም ጊዜ ሙሉ ናስ ነበር። የቁጠባ ሥራ የምንለው በአብዛኛው ድሮ ባለ ሁለት ቀለም የነበረው አርማ ወደ አንድ ቀለም ሲወርድ ነው። መጀመሪያ የሬጅመንቱን መደበኛ አርማ እይ፣ ከዚያ ዋጋ ጥራ።

ፕላስቲኩስ መቼ መጣ?

በሁለተኛው ጦርነት ነው። አርማው በብረት ፋንታ ከፕላስቲክ እንዲሠራ የተወሰነው በ1941 መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ወታደሩ እጅ የገባው ከ1942 ጀምሮ። ቀለሙ ብርማ፣ ነሐስማ ወይም ቡናማ ነው። ከኋላ ስታገላብጠው ከፕላስቲኩ ውስጥ የወጡ ሁለት ጠፍጣፋ የብረት ምላሶች ታያለህ። በኮፍያው ጨርቅ አሳልፈህ ወደ ጎን ታጥፋቸዋለህ፣ አለቀ። ችግሩም እዚያው ነው። ምላሱ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ፕላስቲኩ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ዛሬ ምላሶቹ ያልተሰበሩ ማግኘት ዕድል ነው። ከአምራቾቹ አንዱ የዋልሶል ከተማው ኤ ስታንሊ ኤንድ ሰንስ ነው፤ ስሙ ከኋላ ታትሞ ይገኛል።

ወታደሮቹ ወደዱት?

አልወደዱትም። የሬጅመንት አርማ የሚኮሩበት ነገር ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ የመጫወቻ ዕቃ ይመስላል። የብረቱን ያገኘ አልለቀቀም። መወልወል ስለማያስፈልገው ግን የተገላገለ አይጠፋም።

በ1933 ዓ.ም. ከጃንሆይ ጋር የገቡት እንግሊዞች ፕላስቲክ አድርገው ነበር?

አይደለም። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፣ ማለትም ግንቦት 1941። ፕላስቲኩ ገና አልተወሰነም። «ከዚያ ዘመቻ የተገኘ» ተብሎ ፕላስቲክ ቢቀርብልህ ሳቅና እለፍ።

ሌሎቹ አገሮችስ?

ጀርመኖች በ1915 የሾጣጣው ቆብ ናስ ጌጥ በግራጫ ብረት እንዲተካ አደረጉ። በሁለተኛው ጦርነት የኮፍያቸው የንስር አርማ ከአሉሚኒየም ወደ ዚንክ ወረደ፤ አሉሚኒየም የአውሮፕላን ነው። የሚገርመው አሜሪካ ናት። መዳብና ኒኬል ስለተወደደባት ብዙ የመኮንን ምልክት በእውነተኛ ብር አሠራች! ያኔ ብር እንደነሱ አጣዳፊ አልነበረም። ከአምስት ሳንቲሟ ውስጥም ኒኬሉን አውጥታ 35 እጅ ብር ጨምራበታለች።

ፕላስቲኩን ስገዛ ምን ላጣራ?

አርማው ዘውድ ካለበት ዘውዱን እዪ። ንግሥት ኤልሣቤጥ የነገሡት በ1952 ነው፣ የአርማዎቹ ዘውድ ቅርጽም ከዚያ በኋላ ተለወጠ። የጦርነቱ ጊዜ ፕላስቲክ ላይ የንጉሡ ዘውድ ነው መኖር ያለበት፤ አናቱ ክብ ሆኖ የሚወጣው። መሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ የንግሥቲቱ ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል። ምላሶቹንም አትንኪ፣ አንዳንድ ሻጭ ሰባራውን በሙጫ ይለጥፋል።

በምን ላጽዳው?

ለብ ባለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አጠገቡ እንዳይደርስ። አሴቶን እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።