ትል ስትቆጥሩ አማካዩን ቶሎ አትመኑ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በእንስሳት ሕክምና ወይም በባዮሎጂ ተመርቃችሁ እዚህ ሐዋሳ ሥራ ለምትጀምሩት ነው። አዳዲሶቹን መድኃኒቶች ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ፤ የእኔ ጉዳይ ቆጠራው ላይ ነው።

የ20 በጎችን በጠጥ በማክማስተር፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የትል እንቁላል በሚቆጠርበት ዘዴ፣ አይታችሁ በ18ቱ በግራም 50፣ በ2ቱ ደግሞ 4,000 እንቁላል አገኛችሁ እንበል። ሪፖርት ላይ የሚሰፍረው አማካዩ ነው፤ 445። ከመንጋው ውስጥ ግን 445 የወጣለት በግ አንድም የለም! የናሙና ችግር እንዳይመስላችሁ፤ የትል ጠባዩ ነው። ጥቂት እንስሳት አብዛኛውን ትል ይሸከማሉ፣ የቀሩት ጥቂት ወይም ምንም። የብሪታንያው ተመራማሪ ክሮፍተን በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ስርጭት ከጥገኛ ተውሳክ መለያዎች አንዱ አድርጎታል።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ደም መጣጩ ሄሞንከስ አንዱ በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያሳጣል፤ 1,000 ትል ያለበት በግ በየቀኑ 50 ሚሊ ሊትር ያጣል ማለት ነው። የሁለቱን በጎች የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣችሁ ብታዩ ነጥቶ ታገኙታላችሁ፤ መንጋጋቸው ሥርም ያብጥ ይሆናል። መድኃኒቱን ለእነሱ ስጡ። መንጋውን በሙሉ አሰልፎ አልቤንዳዞል ማጠጣት ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ እኔ አልወደውም። በተለይ በበጋ፣ ሣሩ ላይ እጭ በማይኖርበት ጊዜ ሁሉንም ካጠጣችሁ፣ መድኃኒት ያልነካው ትል ስለማይቀር፣ ተርፎ የሚራባው መድኃኒቱን የተቋቋመው ትል ብቻ ይሆናል።

ዓሣ ላይ ነገሩ ይጠልቃል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዳችሁ ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች አጠገብ ቁሙና ቆሮሶው (ቲላፒያው) ሲከፈት ልቡ ዙሪያ ያለውን ክፍተት እዩ። አንዳንዱ ውስጥ የተጠቀለለ ወፍራም ትል አለ፤ ኮንትራሲከም ይባላል። ያ ትል ዓሣው ውስጥ እስካለ ድረስ እጭ ነው፣ አንድም እንቁላል አይጥልም። የሚጎለምሰው እንደ ፔሊካን ያለ ዓሣ በሊታ ወፍ ሲውጠው ነው። እንቁላሉ በወፉ ኩስ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ እጩን ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ይበሉታል፣ እነሱን ዓሣው። የዓሣው ሆድ ዕቃ ለወፎቹ ሲወረወርላቸው ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል፤ ትሉም መንገዱ ይቃናለታል።

እንግዲህ ቆሮሶ ውስጥ የምትቆጥሩት ዓሣው በዕድሜው ሙሉ ያጠራቀመውን ነው። ከአንዱ ዳርቻ ትንንሹን፣ ከሌላው ትልልቁን ለቅማችሁ «እዚያኛው ጋ ትል ይበዛል» ብትሉ ያወዳደራችሁት ዕድሜን ነው። የእያንዳንዱን ርዝመት መዝግቡ። በጣም ትልልቆቹ ላይ ቁጥሩ ቀንሶ ብታገኙትም ትል ለቀቃቸው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ብዙ የተሸከሙት ቀድመው ሞተው ሊሆን ይችላል። የሞተ ዓሣ ደግሞ መረብ ውስጥ አይገባም።

የጉበት ትልስ? በበጋ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ ከብቱ ወደ ጥቁር ውሃ ረግረግ ይወርዳል፣ ቀንድ አውጣውም እዚያው ነው። ቀንድ አውጣ ውስጥ የገባች አንዲት እጭ ተባዝታ በመቶዎች ሆና ትወጣና ሣር ላይ ትጣበቃለች። ከብቱ ከበላት በኋላ እንቁላል በእበቱ ላይ እስኪታይ ሦስት ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ መሀል ጉበቱ እየተቦረቦረ እናንተ ማይክሮስኮፕ ላይ ዜሮ ታነባላችሁ። ስለዚህ ላቦራቶሪ ብቻ አትቀመጡ፤ ቄራ ሂዱና ጉበቱ ሲቆረጥ እዩ። ከብቱ የት ሲግጥ እንደከረመ የሚያውቀው ያመጣው ነጋዴ ነው፤ እሱ ሒሳቡን ተቀብሎ ቶሎ ስለሚሄድ በማለዳ ድረሱ።