ሲቆም የሚግል፣ ሲሄድ የሚበርድ ኮሮላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ1994 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። ከመገናኛ ሳሪስ ስመላለስ መንገድ ተዘጋግቶ ስቆም የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይወጣል፣ መንገዱ ሲለቀቅ ደግሞ ይወርዳል። ጋራዥ ወስጄው ቴርሞስታቱን አውጥተው ጣሉት፣ ግን ምንም አልተሻለውም። አሁን ደግሞ ራዲያተር ቀይር እየተባልኩ ነው፣ ውሃም በየሁለት ሶስት ቀኑ እጨምራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ፣ ራዲያተሩን ገና አትግዛ። ሲቆም ይግላል ሲሄድ ይበርዳል ካልክ ጥርጣሬው መጀመሪያ ፋኑ ላይ ነው፣ ምክንያቱም መኪናው ሲሮጥ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል፣ ሲቆም ግን ያንን የሚሰራው ፋኑ ብቻ ነው። ራዲያተሩ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ የሚያስቸግርህ ዳገት ላይ ነበር፣ ለምሳሌ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ።

እነዚህ ኮሮላዎች ላይ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሳታስነሳው ቁልፉን ብቻ ኦን አድርግና የፋኑን ሴንሰር (የውሃውን ሙቀት ለክታ ፋኑን የምታስነሳዋን) ሶኬት ንቀለው (ለጌጁ ከምትሰራዋ ጋር እንዳታምታታት፣ እጅህንም ከፋኑ አርቅ)። ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት፣ ከዞረ የፋኑ ሞተርም ገመዱም ደህና ነው፣ የምትቀይረው ትንሿን ሴንሰር ነው። ካልዞረ ፊውዙንና ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚለቀውን ማብሪያ) እይ፣ ከዛ የፋኑን ሞተር ቀጥታ ከባትሪ አገናኝተህ ሞክረው።

ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል ግን በጣም የሚያሳዝነኝ ልማድ ነው። ያለሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቀዝቅዞ ስለሚሰራም ቶሎ ያረጃል። አዲስ ገዝተህ አስገባ፣ 82 ዲግሪ የሚል ተጽፎበታል፣ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው። ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተህ ሞክረው፣ ግን አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነና ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ላይ ስለሆነ ጥቂት ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው።

የራዲያተር ክዳኑንም የማነሳው ለዚሁ ነው። ሞተሩ በጤናው 90 አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ከተማችን ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ያለምንም ሌላ ችግር ሊፈላ ይችላል። ደህና ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ክዳኑን ቀይረው፣ ዋጋው ከራዲያተሩ ጋር አይወዳደርም፣ ውሃ የሚያስጨርስህም እሱ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን በፍጹም እንዳትከፍተው፣ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ክዳን ተቀይሮም ውሃ ከጎደለ ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት የውሃ ፓምፑን ስር፣ የቱቦዎቹን ማሰሪያና የተሳፋሪውን ምንጣፍ እይ፣ ምንጣፉ ከራሰ የሂተሩ ራዲያተር ነው። ውጭ ምንም ካላየህ ክዳኑን በቀዝቃዛው ከፍተህ አስነሳው። መጀመሪያ የሚወጣ አየር ያለ ነው፣ አረፋው ሳያቋርጥ ከተንቦለቦለ ወይም የዘይቱ ክዳን ስር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው የሚጠረጠረው፣ ያኔ መንዳትህን አቁምና አስፈትሸው፣ ሲፈታም ቴስታታው እንዳልተጣመመ በሬጋ (ቀጥ ባለ የብረት መለኪያ) ሳይለካ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይረው እንዳይመልሱልህ።

ጥገናው ሲያልቅ ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ አትሙላው፣ ውስጡን ያዝገዋል። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅለህ ጨምር።